አንድ ሥራ፣ ልዩ ልዩ መልክ፦ የወባ ኪት ከደማችን ውስጥ ምን ይለያል?

ክረምቱ ሲወጣ የቦርከና ውኃ ጨፋ ላይ ይተኛል። ከከሚሴ አጠገብ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋው ይህ ረግረግ ለአካባቢው ከብት ሣር፣ ለአርሶ አደሩ እርጥበቱ የማይለየው ማሳ፣ በበጋ መንጋቸውን ከአፋር በኩል እየነዱ ለሚመጡ አርብቶ አደሮችም መጠጊያ ነው። የወባ ትንኝም ከዚሁ ውኃ ድርሻዋን ታገኛለች። ስለዚህ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት፣ ደዋ ጨፋም ይሁን ጅሌ ጥሙጋ፣ አርጡማ ፉርሲም ይሁን ባቲ፣ አንድ ሰው ብርድ ብርድ ብሎት ትኩሳት ከያዘው ከሁሉ በፊት የሚጠረጠረው ወባ ነው።

ጤና ኬላ ሲደርስ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጣቱን ወጋ አድርጋ አምስት ማይክሮ ሊትር ያህል ደም፣ ከአንዲት ጠብታ ያነሰ ማለት ነው፣ በፕላስቲኩ ኪት ትንሽ ጉድጓድ ላይ ታኖራለች። ከጠርሙሱ ፈሳሽ ጥቂት ጠብ ጠብ ታደርግና ሰዓቷን ታያለች። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ በነጩ ወረቀት ላይ ቀላ ያለ ሐምራዊ መስመር ይወጣል። «ሲ» ከሚለው ፊደል ትይዩ የሚወጣው መስመር ኪቱ መሥራቱን ብቻ ይናገራል። «ፒ ኤፍ» ላይ ከወጣ ፋልሲፓረም የተባለው ወባ ነው፤ «ፒ ቪ» ላይ ከወጣ ቫይቫክስ ነው። ሕክምናቸው ስለሚለያይ መለየቱ ግድ ነው። ለፋልሲፓረም አገራችን እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ኮአርተም የተባለውን መድኃኒት ትጠቀማለች፤ ለቫይቫክስ ደግሞ ክሎሮኪንና ጉበት ውስጥ የተደበቀውን የሚያጠፋው ፕሪማኪን አሉ።

በዚያች ትንሽ ደም ውስጥ ግን በሺህ የሚቆጠሩ የፕሮቲን ዓይነቶች አሉ። ብዙ ኪቶች ከሚፈልጉት የወባ ተሕዋስ ፕሮቲን ጋር ስሙም ሥራውም አንድ የሆነ የራሳችን ፕሮቲንም እዚያው አለ። ታዲያ ኪቱ የራሳችንን ቆጥሮ ጤነኛውን ሁሉ «ወባ አለብህ» የማይለው እንዴት ነው? መልሱ የሥነ ሕይወት ባለሙያዎች አይሶፎርም ከሚሉት ነገር ላይ ይገኛል።

አይሶፎርም የአንድ ፕሮቲን ልዩ ልዩ መልክ ነው። ሥራው ይመሳሰላል፤ ርዝመቱ፣ ቅርጹ ወይም ጥቂት አሚኖ አሲዶቹ ግን ይለያሉ። አንዳንዱ ልዩነት ከአንድ ዘረ መል ይመነጫል። የሰው ልጅ ፕሮቲን የሚያሠሩለት ዘረ መሎች 20,000 ገደማ ሲሆኑ ሰውነቱ የሚሠራቸው የፕሮቲን መልኮች ግን ከዚያ እጅግ ይበዛሉ። ምክንያቱም ሕዋሱ ከዘረ መሉ የቀዳውን መልእክት ቆራርጦ ሲቀጥል ኤክሶን የተባሉትን ቁራጮች ሁሉ ሁልጊዜ አያስገባም፤ ከአንድ ጣቃ ጨርቅ ለአባትየው ሽርጥ፣ ለልጅቷ ቀሚስ እንደሚወጣ ማለት ነው። ሌላው ልዩነት ድሮ አንድ ከነበሩ፣ ኋላ ግን ተባዝተው ለየራሳቸው ከተለወጡ ወንድማማች ዘረ መሎች ይመጣል። አንዳንድ ምሁራን አይሶፎርም የሚለውን ስም ለመጀመሪያው ብቻ ቢሰጡት ይመርጣሉ። ላቦራቶሪ ውስጥ ግን ለሁለቱም፣ አልፎ ተርፎም በተለያዩ ፍጥረታት ውስጥ ለሚገኙ የአንድ ፕሮቲን መልኮች ይሠራበታል። እኔም በዚሁ ሰፊ አጠቃቀም እቀጥላለሁ፤ የወባው ታሪክ ያለዚያ አይነገርም።

ወደ ኪቱ እንመለስ። ፕሮቲኑ ላክቴት ዲሃይድሮጅኔዝ ይባላል፤ በሐኪም ቤት ቋንቋ ኤል ዲ ኤች ነው። ሕዋስ ስኳርን ሰባብሮ ኃይል ሲያወጣ መጨረሻ ላይ ፓይሩቬት የሚባል ነገር ይተርፋል። ኤል ዲ ኤች ፓይሩቬቱን ወደ ላክቴት ይለውጣል፣ ሲያስፈልግም ላክቴቱን ይመልሳል። ኦክስጅን ሲያጥር የስኳሩ ሥራ እንዳይቆም የሚያደርገው እሱ ነው። ሰኞ ሸክሙን ይዞ ወደ ባቲ ገበያ ዳገት የሚወጣ ሰው ጡንቻ ያለ ኤል ዲ ኤች ብዙም አይራመድም።

ይህ ኢንዛይም አራት ቁራጮች ተጋጥመው የሚሠሩት ነው። ቁራጮቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንደኛው በልብ ይበዛል፣ ሌላኛው በእግርና በክንድ ጡንቻ እንዲሁም በጉበት። ሁለቱ ዓይነት በአራት ቦታ ሲሰባጠሩ አምስት ኤል ዲ ኤች ይወጣል። አራቱም የልብ ከሆኑ አንደኛው፣ አራቱም የጡንቻ ከሆኑ አምስተኛው ይባላል፤ ቅልቅሎቹ በመሐል ናቸው። ልብ ኦክስጅን ስለማይቋረጥበት ላክቴትን ተቀብሎ ማገዶ ማድረግ ይቀናዋል፤ የእግር ጡንቻ ደግሞ በሩጫ ሰዓት ፓይሩቬትን ወደ ላክቴት መግፋት ይበጀዋል። ይህ ልዩነት ለሐኪሞች ትልቅ ነገር ነበር። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ሁለተኛው ከአንደኛው ይበልጣል፤ የልብ ጡንቻ ሲሞት ግን አንደኛው ይፈስና ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ለረጅም ጊዜ የልብ ጡንቻ ጉዳት ከሚታወቅባቸው ምልክቶች አንዱ ይህ ነበር። ዛሬ ቦታውን ትሮፖኒን ወስዶታል። የትሮፖኒን ምርመራም ቢሆን የተመሠረተው በዚሁ ነገር ላይ ነው፤ የልቡ ትሮፖኒን መልክ ከሌላው ጡንቻ ትሮፖኒን ስለሚለይ ነው ማሽኑ «ይህ ከልብ የመጣ ነው» ለማለት የሚደፍረው።

የወባ ተሕዋስም የራሱ ኤል ዲ ኤች አለው፤ እንዲያውም ከእኛ ይልቅ ይፈልገዋል። ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ሲያድግ ኃይሉን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ የሚያገኘው ስኳርን ሰባብሮ ነው፤ የተያዘው ሕዋስ ከጤነኛው በብዙ እጥፍ ስኳር ይበላል። ከባድ ወባ የያዘው ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ሴት የደማቸው ስኳር የሚወርደው፣ ደማቸው በላክቲክ አሲድ የሚመረዘው፣ ትንፋሻቸው የሚፈጥነውና የሚጠልቀው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ሥራው አንድ ይሁን እንጂ መልኩ ሌላ ነው። የፋልሲፓረም ኤል ዲ ኤች ሥራውን በሚሠራበት ስፍራ አጠገብ በሰው ኤል ዲ ኤች ላይ የሌሉ አምስት ተጨማሪ አሚኖ አሲዶች አሉት። በሌሎች ቦታዎችም ይለያል። ሁለቱ የወባ ዓይነቶች እርስ በርስ ሲነጻጸሩ ልዩነቱ ይጠባል፤ ከአሚኖ አሲዶቻቸው ከአሥሩ ዘጠኙ ያህል አንድ ናቸው። የቀረችው አንድ አሥረኛ ግን ትበቃለች።

የምትበቃውም በአንቲቦዲ ምክንያት ነው። አንቲቦዲ ከአንድ የተወሰነ ቅርጽ ጋር ብቻ የሚጣበቅ ፕሮቲን ሲሆን ኪቱን የሠሩት ሰዎች ከተሕዋሱ መልክ ጋር የሚጣበቀውን፣ ከሰው መልክ ጋር የማይነካካውን መርጠው አስገብተዋል። ደሙ ከፈሳሹ ጋር ሲቀላቀል ቀይ ሕዋሶቹ ይፈነዳሉ፣ የተሕዋሱ ፕሮቲን ይወጣል። ወረቀቱ ላይ የሚጠብቁት አንቲቦዲዎች በጣም ደቃቅ የወርቅ ቅንጣት ተለጥፎባቸዋል። አዎ፣ እውነተኛ ወርቅ ነው፤ እጅግ ሲደቅ ቀለሙ ቀይና ሐምራዊ ይሆናል። ፕሮቲኑን የያዘው ወርቃማ አንቲቦዲ በወረቀቱ ላይ እየተሳበ ሲሄድ «ፒ ቪ» ካለበት ቦታ ላይ የቫይቫክስን መልክ ብቻ የሚያውቅ ሌላ አንቲቦዲ ተሰምሮ ይጠብቀዋል። ሲያገኘው ያስቀረዋል፤ ሲጠራቀም መስመሩ ለዓይን ይታያል። ያልተፈለገው፣ የሰውየው የራሱ ኤል ዲ ኤች ጭምር፣ አልፎ ይሄዳል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ በኤል ዲ ኤች ላይ ነው። በአገራችን ለብዙ ዓመታት «ፒ ኤፍ» የሚለውን መስመር ያወጣ የነበረው ግን ሌላ ፕሮቲን ነው፤ ኤች አር ፒ 2 ይባላል። የሚሠራው ፋልሲፓረም ብቻ ነው፣ በብዛት ይሠራዋል፣ ሙቀትንም ይችላል፤ ስለዚህ ለኪት አምራቾች ተመራጭ ሆነ። ችግሩ ተሕዋሱ ያለ ኤች አር ፒ 2 መኖር መቻሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በፔሩ የተሰበሰቡ ናሙናዎች ላይ የዚህ ፕሮቲን ዘረ መል ጭራሽ እንደሌለ ታተመ። ቀጥሎ በኤርትራ ሆስፒታሎች ያው ነገር ታየ። ከዚያም ወደ እኛ ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ2017 እና 2018 የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎችና አጋሮቻቸው በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ክልሎች ባሉ ጤና ተቋማት ከ12,500 በላይ የወባ ምልክት ያለባቸውን ሰዎች መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ2021 በኔቸር ማይክሮባዮሎጂ መጽሔት ያወጡት ግምት፣ ከፋልሲፓረም ታማሚዎች 9.7 በመቶ የሚሆኑት ዘረ መሉ በመጥፋቱ ብቻ ኤች አር ፒ 2ን በሚፈልገው ኪት እንደሚታለፉ አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅት ኪት መቀየር አለበት የሚለው ቁጥሩ 5 በመቶ ሲያልፍ ነው። ጥናቱ የተካሄደው በኤርትራ፣ በሱዳንና በደቡብ ሱዳን ድንበር አቅራቢያ ባሉ ወረዳዎች እንጂ በከሚሴ ዙሪያ አልነበረም። ተሕዋሱ ግን ከሠራተኛው፣ ከነጋዴውና ከአርብቶ አደሩ ጋር አብሮ ይጓዛል።

እዚህ ላይ የአይሶፎርም ነገር እንደገና ይመጣል። ፋልሲፓረም ኤች አር ፒ 3 የሚባል መንትያ መሳይ ፕሮቲንም አለው፤ የአንዱ ዘረ መል በስምንተኛው፣ የሌላው በአሥራ ሦስተኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛል። ሁለቱ በጣም ስለሚመሳሰሉ ኤች አር ፒ 2 የሌለው ተሕዋስ አንዳንድ ጊዜ በኤች አር ፒ 3 ምክንያት በኪቱ ላይ ሊታይ ይችላል። ሁለቱም ከጠፉ ግን ኪቱ ዓይኑ ይጠፋል። እነዚህን ያጣ ተሕዋስ የሚያተርፈው ነገር ግልጽ ነው፤ ኪቱ ያየው ተሕዋስ ኮአርተም ይወርድበታል፣ ያላየው ግን በሰውየው ደም ውስጥ ሰንብቶ በትንኟ ይዛመታል። ስለዚህ የምርመራው ዘዴ ራሱ የማይታየውን እየመረጠ ሲያራባው ቆየ ማለት ነው። በኤል ዲ ኤች ላይ ይህ ዘዴ አይሠራለትም። ኤል ዲ ኤችን የጣለ ተሕዋስ ኃይል የሚያገኝበትን መንገድ ጣለ፤ አይኖርም። አገሪቱ በኤች አር ፒ 2 ላይ ብቻ ከተመሠረቱት ኪቶች ፊቷን ወደ ኤል ዲ ኤች ያዞረችው ለዚህ ነው፤ በእኔ እምነት ትክክለኛ ውሳኔ ነው። በተለይ እ.ኤ.አ. በ2024 አሥሩ ወር እንኳ ሳይሞላ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኞች በተመዘገቡበት ዘመን፣ ከአሥር የፋልሲፓረም ታማሚዎች አንዱን ሊስት የሚችል መሣሪያ መያዝ አይቻልም።

ይሁንና ኤል ዲ ኤችም ጉድለት አያጣውም። በደም ውስጥ ያሉት ተሕዋሶች ጥቂት ሲሆኑ መስመሩ ሊደበዝዝ ወይም ላይወጣ ይችላል፤ ኪቱም በሙቀት ቶሎ ይበላሻል፣ ይህም ለቆላ ጤና ኬላ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በሌላ በኩል አንድ ጥሩ ጎን አለው። ኤች አር ፒ 2 ተሕዋሱ ከሞተ በኋላ ለሳምንታት በደም ውስጥ ይቆያል፣ የዳነውን ሰው ገና ታማሚ ያስመስለዋል። ኤል ዲ ኤች ግን ተሕዋሱ ሲሞት በቀናት ውስጥ ይጠፋል።

ፋልሲፓረም ራሱም መልክ በመለዋወጥ የተካነ ነው። ቀይ የደም ሕዋሱን ከያዘ በኋላ ላዩ ላይ ከደም ሥር ግድግዳ ጋር የሚያጣብቀውን ፕሮቲን ያወጣል። የዚህን ፕሮቲን ልዩ ልዩ መልክ የሚያሠሩ 60 ያህል ዘረ መሎች አሉት፤ በአንድ ጊዜ የሚያወጣው ግን አንዱን ብቻ ነው። ሰውነታችን ያንን መልክ ተምሮ አንቲቦዲ ሲያዘጋጅለት ሌላውን ያወጣል። አንድ ጊዜ ወባ መያዝ እንደ ኩፍኝ ለዕድሜ ልክ የማይከላከለው በአብዛኛው በዚህ ሳቢያ ነው። ከእነዚህ መልኮች አንዱ የሚጣበቀው በእንግዴ ልጅ ውስጥ ከሚገኝ ነገር ጋር ነው። ከዚህ ቀደም ወባን ታግላ ያሸነፈች ሴት እንኳ እንግዴ ልጅ ሳይኖራት ይህን መልክ አይታው ስለማታውቅ በመጀመሪያ እርግዝናዋ ያለ መከላከያ ትገኛለች፤ ደሟ ያንሳል፣ ሕፃኑ ክብደቱ አንሶ ይወለዳል። ወባ ዓመቱን ሙሉ በማይኖርበት፣ ወቅት ጠብቆ በሚመጣበት እንደ ከሚሴ ባለ አካባቢ ደግሞ የአዋቂው መከላከያ ከመነሻው ደካማ ስለሆነ ሁለተኛና ሦስተኛ እርግዝናም ከአደጋው አያመልጥም።

የእኛም ሰውነት መልክ ይለውጣል። ፅንስ በማሕፀን ሳለ የሚጠቀምበት ሄሞግሎቢን ኦክስጅንን ከእናቱ ደም መሳብ እንዲችል አጥብቆ የሚይዝ መልክ ነው፤ ከተወለደ በኋላ ስድስት ወር ገደማ ሲሞላው አብዛኛው በአዋቂው መልክ ይተካል። ማጭዳማ ሕዋስ የተባለው የደም በሽታ ያለበትን ሰው ለማከም እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ በእንግሊዝና በአሜሪካ የተፈቀደው የዘረ መል ሕክምና የሚያደርገው የሕፃንነቱን ሄሞግሎቢን መልሶ ማስነሣት ነው። የኤክሶን መዝለል ነገር ሲበላሽ የሚያመጣውን ደግሞ በሕፃናት የጡንቻ መስለል በሽታ ላይ እናያለን። ዋናው ዘረ መል የጎደለው ሕፃን ምትክ የሚሆን ወንድም ዘረ መል አለው፤ ይሁንና ምትኩ መልእክቱን ሲቀጥል ሰባተኛውን ኤክሶን አብዛኛውን ጊዜ ስለሚዘለው የሚወጣው ፕሮቲን ቶሎ ይፈርሳል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 በአሜሪካ የተፈቀደው ኑሲነርሰን የተባለ መድኃኒት ያ ቁራጭ እንዳይዘለል ያደርጋል። ዋጋው ግን የሚቀመስ አይደለም፤ ለገበያ ሲወጣ የመጀመሪያው ዓመት ሕክምና 750,000 ዶላር ነበር።

ወደ ጤና ኬላችን ስንመለስ በፕሪማኪን ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ፕሪማኪን እንደተዋጠ አይሠራም፤ ጉበት ውስጥ ሲ ዋይ ፒ 2 ዲ 6 የሚባል ኢንዛይም ወደሚሠራው መልክ ሊለውጠው ይገባል። ይህ ኢንዛይም ከሰው ሰው ይለያያል፤ አንዳንዱ የሰነፈ መልክ ይወርሳል፣ አንዳንዱ ጨርሶ የለውም። ፕሮፌሰር እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት ጥናት ከተመረመሩ 122 ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት የዚህ ኢንዛይም ዘረ መል ተደራርቦ ተገኝቶባቸዋል፤ ይህ በአውሮፓ ብዙም የማይታይ መጠን ነው። እንዲህ ያለው ሰው ኮዴይን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ በፍጥነት ወደ ሞርፊን ስለሚለውጠው ለሌላው ሰው ልክ የሆነው መጠን ለእሱ አደገኛ ሊሆን ይችላል። የውጭ አገር ሐኪም የጻፈውን መጠን እንዳለ መቀበል ለእኛ ሁልጊዜ አያዋጣም የሚሉ የመድኃኒት ባለሙያዎቻችን ያለ ምክንያት አይደለም የሚናገሩት።

እንግዲህ በወባ ወቅት ትኩሳት ከያዘዎት ኪቱ የሚነግርዎትን ይስሙ፣ የማይነግርዎትንም ይወቁ። «ፒ ኤፍ»ም ሆነ «ፒ ቪ» ላይ መስመር ካልወጣ በዚያች ደም ውስጥ የሚፈለገው ፕሮቲን በሚታይ መጠን አልተገኘም ማለት ነው እንጂ የግድ ወባ የለም ማለት አይደለም፤ ትኩሳቱ ካልለቀቀዎት በማግስቱ ተመልሰው ጤና ጣቢያ ወይም ከሚሴ ሆስፒታል በማይክሮስኮፕ ይመርመሩ። ጉበት ውስጥ የተኛው ቫይቫክስ በየትኛውም ኪት አይታይምና ፕሪማኪን ከታዘዘልዎት ተሽሎኛል ብለው ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ቀን ይዋጡት። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ቤትዎ ውስጥ ነፍሰ ጡር ካለች ግን ፕሪማኪን አይወሰድምና ለባለሙያዋ አስቀድመው ይንገሯት።